ሒሳቡ ለማን ይደርሳል? የኢኮኖሚ ቀውስ መፍትሔዎችን ለመመዘን የሚረዳ የንጽጽር መመሪያ

አንድ አገር የኢኮኖሚ ቀውስ ሲገጥመው ዜጎች በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከዚያ በፊት ብዙም ትኩረት ሰጥተዋቸው የማያውቁ ቃላትን መስማት ይጀምራሉ። የወጪ ቅነሳ፣ የማነቃቂያ በጀት፣ ባንኮችን መታደግ፣ የምንዛሪ ተመን ማሻሻያ፣ የዕዳ ሽግሽግ የሚሉት ሐሳቦች በየመግለጫው ይደጋገማሉ፤ የእያንዳንዱ ሐሳብ ደጋፊም ያለው ብቸኛ መንገድ የእርሱ እንደሆነ ያስረዳል። ደመወዝተኛው፣ ጡረተኛው፣ ነጋዴውና ገና ሥራ ፈላጊው ወጣት ግን ድምፅ እንዲሰጡ፣ እንዲታገሡ ወይም እንዲተባበሩ የሚጠየቁት አማራጮቹን ጎን ለጎን አስቀምጦ የሚያሳያቸው ሳያገኙ ነው።

ይህ መመሪያ የትኛውንም ፓርቲ ወይም የትኛውንም የኢኮኖሚ አስተሳሰብ ለማወደስ አልተጻፈም። መነሻው አንድ ሐሳብ ነው። ቀውሱ ሲፈነዳ ኪሳራው አስቀድሞ ደርሷል፤ ቤቶች ከዋጋቸው በላይ ተሸጠዋል፣ ብድሮች መመለስ ለማይችሉ ሰዎች ተሰጥተዋል፣ የመንግሥት ካዝናም ተራቁቷል። ጥሩ ምላሽ ኪሳራው እንዳይሰፋ ሊያደርግ ይችላል፤ መጥፎ ምላሽ ደግሞ እጥፍ ያደርገዋል። ሆኖም የትኛውም ምላሽ ኪሳራውን ጨርሶ አያጠፋውም፤ ዳፋው ለማን እንደሚተርፍ ነው የሚወስነው። ስለዚህ ዜጋው ስለ እያንዳንዱ አማራጭ መጀመሪያ ሊያጣራው የሚገባው ሒሳቡ በማን ስም እንደተጻፈ ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት፣ ወራትና ቀናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በምን እንመዝናቸው?

የመጀመሪያው መመዘኛ ከፋዩ ማን ነው የሚለው ነው። ግብር ከፋዩ፣ አስቀማጩ፣ ባለአክሲዮኑ፣ ለመንግሥት ያበደረው፣ ደመወዝተኛው ወይስ ገና ያልተወለደው ትውልድ? አንድ ዕቅድ ይህን በግልጽ ካልተናገረ አብዛኛውን ጊዜ ከፋዩ ድምፁ የማይሰማው ወገን ነው።

ሁለተኛው ጊዜ ነው። ሕመሙ ዛሬ ተሰምቶ ጥቅሙ ከዓመታት በኋላ የሚመጣበት አማራጭ አለ፤ እፎይታው ዛሬ ሆኖ ሕመሙ ወደፊት የሚመጣበትም አለ። ሁለቱም ተገቢ የሚሆኑበት ሁኔታ ይኖራል፤ ነገር ግን የስድስት ወር መጠባበቂያ ያለው ቤተሰብና ከእጅ ወደ አፍ የሚኖር ቤተሰብ ጊዜን በአንድ ዓይን አያዩትም።

ሦስተኛው ሒሳቡ ይታያል ወይስ ተሸሽጓል የሚለው ነው። በዚህ ላይ ትንሽ መቆየት ያስፈልጋል፤ ዜጎች በፍርዳቸው ላይ ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነውና። በወር 100 የምታገኝ ሠራተኛ ደመወዟ በአዋጅ ወደ 80 ዝቅ ቢል ዕለቱን ታውቀዋለች፤ ማን እንደቀነሰባትም ታውቃለች። ደመወዟ 100 እንደሆነ ቆይቶ ዋጋ ሁሉ በ25 በመቶ ቢጨምር ግን በእጇ ያለው ገንዘብ የሚገዛው ቀድሞ በ80 ይገዛ የነበረውን ብቻ ነው። ጉዳቱ እኩል ነው፤ ቁጣው ግን እኩል አይደለም። ተመራማሪዎቹ ዳንኤል ካነማን፣ ጃክ ኔትሽና ሪቻርድ ቴለር እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተሙት ጥናት ካናዳውያንን በስልክ ጠይቀው ነበር። የዋጋ ንረት በሌለበት ሁኔታ አንድ ድርጅት ደመወዝን በ7 በመቶ ቢቀንስ 62 በመቶ የሚሆኑት ኢፍትሐዊ ነው አሉ። ንረቱ 12 በመቶ ሆኖ ድርጅቱ 5 በመቶ ብቻ ቢጨምር ግን ኢፍትሐዊ ነው ያሉት 22 በመቶ ብቻ ነበሩ። በሁለቱም ሁኔታ የሠራተኛው የመግዛት አቅም የሚቀንሰው በ7 በመቶ ገደማ ነው። ይህን ልዩነት ፖለቲከኞች ጠንቅቀው ያውቁታል፤ ዜጋውም ሊያውቀው ይገባል።

አራተኛው መመዘኛ መመለሻ መኖሩ ነው። ጊዜያዊ ድጎማን ማንሳት ይቻላል፤ የተሸጠ የሕዝብ ንብረትን፣ የተሰደደ ሐኪምን ወይም ከትምህርት የቀረ ልጅን መመለስ ግን ከባድ ነው።

የመጨረሻው ተጠያቂነትና ምክክር ነው። ጥፋቱን የፈጸሙት ተጠይቀዋል? መሥዋዕትነት የሚከፍሉትስ አስቀድሞ ተነግሯቸዋል? አንዳንዶች ይህን ለስሜት የተተወ ጉዳይ አድርገው ይቆጥሩታል። እኔ ግን ከታሪክ እንደምረዳው አንድ ዕቅድ እስከ መጨረሻው መዝለቅ አለመዝለቁን ከሁሉ በላይ የሚወስነው ይህ ነው።

የወጪ ቅነሳና የግብር ጭማሪ

መንግሥት ደመወዝ፣ ጡረታና አገልግሎት ይቀንሳል፤ ግብር ይጨምራል፤ በዚህም የበጀት ጉድለቱን ያጠብባል። የዚህ መንገድ ትልቁ መልካም ጎን ሒሳቡ ግልጽ መሆኑ ነው። ችግሩ ሁሉም በአንድ ጊዜ ወገቡን ሲያስር ገበያው መቀዝቀዙ፣ ገበያው ሲቀዘቅዝም የግብር ገቢው መልሶ መቀነሱ ነው። የዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት የኢኮኖሚ ባለሙያዎች በ2012ና በ2013 ባወጧቸው ትንተናዎች፣ በአውሮፓ ቀውስ መጀመሪያ ላይ የወጪ ቅነሳ በዕድገት ላይ የሚያደርሰው ጉዳት አንሶ ተገምቶ እንደነበር ራሳቸው አምነዋል።

ሁለት አገሮችን ማወዳደር ይጠቅማል። ላትቪያ በ2009 ምርቷ ከ14 በመቶ በላይ አሽቆለቆለ፤ መንግሥት የሠራተኞችን ደመወዝ ክፉኛ ቆረጠ፣ ትምህርት ቤቶችንና ሆስፒታሎችን ዘጋ። በጥር 2009 በርዕሰ ከተማዋ ሪጋ ሁከት ተነሥቶ ነበር። ሆኖም በጥቅምት 2010 በተካሄደው ምርጫ ቅነሳውን የመራው የጠቅላይ ሚኒስትር ቫልዲስ ዶምብሮቭስኪስ ጥምረት እንደገና ተመረጠ። ግሪክ ውስጥ ደግሞ በ2009 ወደ 44 በመቶ ድምፅ አግኝቶ የነበረው ፓሶክ ፓርቲ፣ የመጀመሪያውን የቅነሳ ስምምነት ከአበዳሪዎች ጋር ከፈረመ በኋላ በግንቦት 2012 ምርጫ ወደ 13 በመቶ ወረደ። በ2013 የአገሪቱ ሥራ አጥነት ከ27 በመቶ አልፎ ነበር።

ልዩነቱ ከምን መጣ? አንዱ ምክንያት ጊዜ ነው፤ የላትቪያ ሕመም እጅግ ከባድ ቢሆንም በሁለት ዓመት ገደማ ውስጥ የከፋው አልፏል፤ የግሪክ ግን አንዱ የቅነሳ ዙር ሳያልቅ ሌላው እየተከተለ ለዓመታት ቀጠለ። ሌላው ምክንያት ተቋማት ናቸው። የላትቪያ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት በታኅሣሥ 2009 የጡረታ ቅነሳው ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ ወሰነ፤ የተቀነሰባቸው ጡረተኞችም ገንዘባቸው እንዲመለስላቸው ሆነ። ሰዎች ሸክሙ ወሰን እንዳለው፣ ደካማውን የሚጠብቅ አካልም እንዳለ አዩ። ግሪኮች በሐምሌ 2015 በተካሄደው ሕዝበ ውሳኔ ከ61 በመቶ በላይ ሆነው የአበዳሪዎቹን ሐሳብ «አይሆንም» ቢሉም፣ መንግሥታቸው ከሳምንት በኋላ ሌላ ጠንካራ ስምምነት ተቀበለ። ተጠይቆ መልሱ ያልተቆጠረለት ሕዝብ ከናካቴው ካልተጠየቀው ይልቅ ይጎዳል።

ላትቪያን እንደ ንጹሕ ስኬት ማቅረብ ግን ሐቁን ማጉደል ነው። ብዙ ወጣቶች አገሪቱን ለቅቀው ወደ ሌሎች የአውሮፓ አገሮች ሄደዋል፤ ከሄዱት አብዛኞቹ ድምፅ አልሰጡም። የምርጫ ውጤትን የዜጎች ፍርድ አድርገን ስንወስድ በእግራቸው የፈረዱትንም መቁጠር አለብን።

የማነቃቂያ ወጪ

ይህ የተቃራኒው መንገድ ነው፤ ግለሰቦችና ድርጅቶች መግዛት ሲያቆሙ መንግሥት ተበድሮም ቢሆን ያወጣል። ሕመሙ ዛሬ አይሰማም፤ ሒሳቡ ወደፊት በግብር ወይም በዋጋ ንረት መልክ ይመጣል። የሚሠራው በተመጣጣኝ ወለድ የሚያበድረው ላገኘ መንግሥት ነው። የውጭ ምንዛሪ ያለቀበት፣ አበዳሪዎችም ፊታቸውን ያዞሩበት አገር ስለ ማነቃቂያ በጀት ሲያወራ ዜጋው ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ደጋግሞ መጠየቅ አለበት፤ ብዙ ጊዜ መልሱ ኋላ የምናየው የማተሚያ ማሽን ነው።

ገንዘቡ በምን ላይ እንደሚወጣም ልዩነት ያመጣል። ጀርመን በ2009 ምርቷ በ5 በመቶ ገደማ ሲወርድ የሥራ አጡ ቁጥር ብዙም አልጨመረም። አንዱ ምክንያት የአጭር ሰዓት ሥራ የሚባለው አሠራር ነው። ፋብሪካው ሠራተኛውን ከማሰናበት ይልቅ ሰዓቱን ይቀንሳል፤ መንግሥት ደግሞ በቀረው ሰዓት ምክንያት ከታጣው የተጣራ ደመወዝ 60 በመቶውን፣ ልጅ ላለው 67 በመቶውን ይተካል። ትእዛዝ ሲመለስ ሙያተኛው እዚያው ማሽኑ አጠገብ ይገኛል። ዜጎች ይህን ዓይነቱን ወጪ በቀላሉ የሚቀበሉት ጥቅሙን በጎረቤታቸው ቤት ስለሚያዩት ይመስለኛል፤ ቀውሱ ሲያልፍ ወጪው በራሱ መቆሙም ሌላው ብልጫው ነው።

ባንኮችን መታደግ

በሕዝብ ዘንድ ከሁሉም በላይ ቁጣ የሚቀሰቅሰው ይህ ነው፤ ከሁሉም በላይ በጥንቃቄ መለየት የሚያስፈልገውም ይኸው ነው፤ በአንድ ስም የሚጠሩ በጣም የተለያዩ ነገሮች አሉና።

በአሜሪካ የ2008ቱ ሕግ እስከ 700 ቢሊዮን ዶላር ፈቀደ፤ የተወካዮች ምክር ቤት መስከረም 29 ቀን ውድቅ ካደረገው በኋላ በቀናት ልዩነት ተሻሽሎ ጸደቀ። ከዚህ ውስጥ ለባንኮች የገባው ገንዘብ ኋላ ከነትርፉ ተመልሷል። በሒሳብ መዝገብ ላይ ከታየ የተሳካ ነው። ይሁን እንጂ በሕዝብ ትዝታ ውስጥ የቀረው ሌላ ነው። በመጋቢት 2009 በመንግሥት ገንዘብ ከውድቀት የዳነው የኢንሹራንስ ኩባንያ ኤአይጂ ለሠራተኞቹ 165 ሚሊዮን ዶላር ጉርሻ መክፈሉ ሲሰማ አገሩ ሁሉ ተቆጣ። ገንዘቡ ከ700 ቢሊዮኑ ጋር ሲነጻጸር ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ነገር ግን በዚያው ወቅት በሚሊዮን የሚቆጠሩ ቤተሰቦች የቤታቸውን ብድር መክፈል አቅቷቸው ቤታቸውን እያጡ ነበርና፣ ሌላው በበላ እኔ ለምን እከፍላለሁ የሚለው ጥያቄ በቂ መልስ አላገኘም። እዚህ ላይ ከሕዝቡ ጎን ነኝ። የገንዘቡ መመለስ ዋስትናው በነጻ መሰጠቱን አይለውጠውም፤ ለባለ ባንኩ የተዘረጋው እጅ ለባለ ቤቱ በዚያው ፍጥነት አልተዘረጋም።

ስዊድን በ1992 የሄደችበት መንገድ ከዚህ ይለያል። መንግሥት የባንኮቹን ግዴታዎች ዋስትና ሰጠ፤ ነገር ግን ባለአክሲዮኖች ኪሳራውን አስቀድመው እንዲሸከሙ አደረገ፤ የወደቁትን ባንኮች በእጁ አስገብቶ የተበላሹ ብድሮቻቸውን ለይቶ አስተዳደረ፤ ኋላም ድርሻውን ሸጠ። አስቀማጩ ተጠበቀ፣ ባለቤቱ ግን አልተጠበቀም። ይህን ልዩነት የያዘ ዜጋ «ባንኩን እናድን» የሚል ሐሳብ ሲቀርብለት ከባንኩ ውስጥ ማንን እንደሆነ ሊጠይቅ ይችላል።

አስቀማጩ ራሱ ሲነካ የሚሆነውን ያሳየችው ቆጵሮስ ናት። በመጋቢት 2013 አጋማሽ ይፋ የሆነው የመጀመሪያ ዕቅድ ከ100,000 ዩሮ በላይ ካለው ተቀማጭ 9.9 በመቶ፣ ከዚያ በታች ካለው ደግሞ 6.75 በመቶ እንዲወሰድ ነበር። ዜናው የተሰማው ቅዳሜ ዕለት ነው፤ ሰዎች ከአልጋቸው ተነሥተው ወደ ገንዘብ መክፈያ ማሽኖች ሮጡ፤ ማሽኖቹም ባዶ ሆኑ። ከሦስት ቀን በኋላ ዕቅዱ ፓርላማ ሲቀርብ አንድም የድጋፍ ድምፅ አላገኘም። እስከ 100,000 ዩሮ ያለው ተቀማጭ ዋስትና እንዳለው ለሰዎች ተነግሯቸው ነበርና፣ ጥያቄው የመቶኛው ትንሽነት ሳይሆን የተሰጠው ቃል ነበር። የተሻሻለው ዕቅድ ትንንሽ አስቀማጮችን ሙሉ በሙሉ ተወ፤ በትልቁ ባንክ ከ100,000 ዩሮ በላይ ያስቀመጡ ግን ከዚያ ወሰን በላይ ካለው ገንዘባቸው ወደ ግማሽ የሚጠጋውን ወደ አክሲዮን ተለውጦ አጡ። በመቶኛ ሲታይ ሁለተኛው እጅግ የከበደ ነው፤ ነገር ግን ቃሉን ስለጠበቀ ተግባራዊ ሆነ።

አይስላንድ ሌላ ጫፍ ላይ ናት። በጥቅምት 2008 ሦስቱ ትልልቅ ባንኮቿ በአንድ ሳምንት ገደማ ውስጥ ሲወድቁ ሀብታቸው ከአገሪቱ ዓመታዊ ምርት ብዙ እጥፍ ስለነበር ልታድናቸው ብትፈልግ እንኳ አቅም አልነበራትም። የአገር ውስጥ አስቀማጮችን ጠበቀች፣ የውጭ አበዳሪዎች ግን ኪሳራውን ተሸከሙ። የእንግሊዝና የሆላንድ መንግሥታት በአይስላንድ ባንክ ላስቀመጡ ዜጎቻቸው የከፈሉትን ገንዘብ መመለስን በተመለከተ በመጋቢት 2010 እና በሚያዝያ 2011 ሁለት ሕዝበ ውሳኔዎች ተካሂደው በሁለቱም ሕዝቡ አልቀበልም አለ። ልዩ ዐቃቤ ሕግ ተሾሞም የባንክ ኃላፊዎች ለፍርድ ቀርበው ታሰሩ። ይህ ሁሉ ሆኖ፣ ከቀውሱ በኋላ የመጣው መንግሥት በ2013 ምርጫ ክፉኛ ተሸነፈ። ብዙዎች ይህን የሕዝብ ምስጋና ቢስነት ያደርጉታል። እኔ አልስማማም። አብዛኛው የአይስላንድ የቤት ብድር ከዋጋ ንረት ጋር የተያያዘ ነበር፤ የገንዘባቸው ዋጋ በግማሽ ገደማ ሲወርድ ዋጋ ናረ፣ ዋጋ ሲንር የቤተሰቦች ዕዳ አብሮ አደገ። የአገሪቱ አኀዝ ሲያገግም የቤተሰቡ ዕዳ እየከበደ ሄደ። መራጩ የፈረደው ባየው ሒሳብ ላይ ነው።

የምንዛሪ ተመንን ማዳከምና የገንዘብ ፍሰት ቁጥጥር

የአገሩ ገንዘብ ዋጋ ሲወርድ ወደ ውጭ ላኪው ይጠቀማል፤ ከውጭ የሚመጣውን የሚሸምት ሁሉ ይከፍላል። መድኃኒትና ነዳጅ ከውጭ የሚገባበት አገር ውስጥ ይህ ማለት ሁሉም ይከፍላል ማለት ነው። ይህ መንገድ ቀደም ሲል ያየነው የተሸሸገ የደመወዝ ቅነሳ ነው፤ ስለዚህም መንግሥታት ከቀጥተኛው ቅነሳ ይልቅ ይህን ይመርጣሉ። የሚላክ ነገር ላለውና በውጭ ገንዘብ የተበደረው ጥቂት ለሆነ አገር ፈጣን ማገገሚያ ሊሆን ይችላል፤ ብድሩ በዶላር ለሆነ አገርና ቤተሰብ ግን የዕዳውን ክብደት ባንድ ሌሊት ይጨምራል።

ማሌዥያ በመስከረም 1998 ከብዙዎች ምክር በተቃራኒ የካፒታል ፍሰትን፣ ማለትም ገንዘብ ወደ አገር የሚገባበትንና የሚወጣበትን መንገድ፣ ተቆጣጠረችና ምንዛሪዋን በዶላር 3.80 ሪንጊት ላይ አቆመች፤ የተፈራው መዓት ሳይደርስ ኢኮኖሚዋ አገገመ። በተቃራኒው፣ አርጀንቲና በታኅሣሥ 2001 ሰዎች ከባንክ በሳምንት ከ250 ፔሶ በላይ እንዳያወጡ ስትከለክል መንግሥቷ በሦስት ሳምንት ውስጥ ወደቀ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ዐይነተኛ ነው፤ የማሌዥያ ቁጥጥር ያነጣጠረው በአመዛኙ ከውጭ በመጣ ገንዘብ ላይ ሲሆን የአርጀንቲናው ግን ተራው ዜጋ ደመወዙንና ጥሪቱን እንዳይነካ ከለከለው።

ገንዘብ ማተም

እዚህ ላይ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ገበያው ደርቆ ዋጋ እየወረደ ባለበት ጊዜ የማዕከላዊ ባንክ መጠነኛ ድጋፍ ሊረዳ ይችላል፤ መንግሥት የዕለት ወጪውን በዚህ መሸፈን ሲጀምር ግን ከፋዩ በጥሬ ገንዘብ የሚኖረውና ቋሚ ገቢ ያለው ሰው ነው። በጀርመን በኅዳር 1923 አንድ ዶላር 4.2 ትሪሊዮን ማርክ ደርሶ ነበር፤ ዕድሜ ልካቸውን የቆጠቡ ሁሉን አጡ፣ ዕዳ የነበረባቸው ግን ነጻ ወጡ። ዚምባብዌ በ2009 መጀመሪያ የ100 ትሪሊዮን ዶላር ኖት አውጥታ በዚያው ዓመት የራሷን ገንዘብ መጠቀም ተወች። ከሁሉም አማራጮች ሒሳቡን አብዝቶ የሚሸሽገው፣ በመጨረሻም ከሁሉም በላይ ግልጽ የሚያደርገው ይህ ነው።

ድጎማ፣ የዋጋ ተመንና ቀጥተኛ ክፍያ

ድጎማ ለድሃው የሚሰጥ ይመስላል፤ የነዳጅ ድጎማን ግን አብዝቶ የሚጠቀመው ብዙ ነዳጅ የሚያቃጥለው ነው። ይህ ማለት ድጎማን በአንድ ጀምበር ማንሳት ትክክል ነው ማለት አይደለም። ኢንዶኔዥያ በግንቦት 1998 መጀመሪያ፣ ቀውሱ በከፋበት ሰዓት፣ የነዳጅ ዋጋን በድንገት ስትጨምር ሁከቱ ከሺህ በላይ ሰዎችን ሕይወት ቀጠፈ፤ ከ30 ዓመት በላይ የገዙት ሱሃርቶም በዚያው ወር 21ኛ ቀን ሥልጣን ለቀቁ። ኢራን በታኅሣሥ 2010 ቅደም ተከተሉን ገለበጠችው። ለየቤተሰቡ የባንክ ሒሳብ ተከፍቶ ለእያንዳንዱ ሰው በወር 455,000 ሪያል አስቀድሞ ገባ፤ ገንዘቡም በሒሳቡ ውስጥ እየታየ፣ ዋጋው በጨመረበት ዕለት ማውጣት ተፈቀደ። ኪሳራውን የሚያየው ሰው ካሳውንም አብሮ አየ፤ ጭማሪውም እጅግ ከፍ ያለ ቢሆንም ያን ያህል ሁከት አልተከተለም። ድክመቱ ኋላ መጣ፤ ክፍያው ከንረቱ ጋር ስላልተስተካከለ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ዋጋው ቀለጠ።

ዕዳን ማሸጋሸግ ወይም አለመክፈል

መንግሥት ከአበዳሪዎቹ ጋር ተስማምቶ ዕዳውን ያስቀንሳል ወይም የመክፈያ ጊዜውን ያራዝማል፤ አለዚያም አልከፍልም ይላል። ይህን የሚደግፉ ከፋዩ ባዕድ አበዳሪ እንደሆነ ይናገራሉ። በከፊል እውነት ነው። ግሪክ በ2012 ከግል አበዳሪዎቿ የቦንድ (የመንግሥት የብድር ሰነድ) ዋጋ ላይ ከግማሽ በላይ አስቀንሳለች። ሆኖም የመንግሥትን ቦንድ ከያዙት መካከል የአገሩ ባንኮችና የጡረታ ፈንዶች ይገኛሉና ሒሳቡ ዞሮ ወደ ቤት ይመጣል። አርጀንቲና ከ2001ዱ ክስረት በኋላ ከ2003 ጀምሮ በፍጥነት ብታድግም፣ ስምምነቱን ካልተቀበሉ አበዳሪዎች ጋር የነበረው ክርክር እስከ 2016 ዘልቋል። በዶላር ያስቀመጡ አርጀንቲናውያንም ተቀማጫቸው በአንድ ዶላር 1.40 ፔሶ ሒሳብ ተለወጠባቸው፤ የገበያው ዋጋ ግን በወራት ውስጥ ከ3 ፔሶ አለፈ። በውጭ አበዳሪ ላይ የተወሰነ ውሳኔ የሚያስከትለውን የአገር ውስጥ ዳፋ ለማየት ይህ አንድ ምሳሌ ይበቃል።

ማጠቃለያ ሠንጠረዥ

| አማራጭ | ዋናው ከፋይ | ሕመሙ የሚሰማው | ሒሳቡ ይታያል? | የሚሠራው መቼ ነው? |
|---|---|---|---|---|
| ወጪ ቅነሳና ግብር | የመንግሥት ሠራተኛ፣ ጡረተኛ፣ አገልግሎት ፈላጊ | ወዲያው | በግልጽ | ጊዜው አጭር፣ ደካማው የተጠበቀ ሲሆን |
| ማነቃቂያ ወጪ | የነገ ግብር ከፋይ | ዘግይቶ | በከፊል | መንግሥት በቀላሉ መበደር ሲችል |
| ባንክ መታደግ፣ ባለቤቱን ጭምር | ግብር ከፋይ | ዘግይቶ | በከፊል | ቅድመ ሁኔታ ከሌለው አይመከርም |
| ባንክ መታደግ፣ አስቀማጩን ብቻ | ባለአክሲዮን፣ ከዚያ ግብር ከፋይ | ወዲያው | በግልጽ | የተቆጣጣሪው አካል አቅም ሲኖር |
| ምንዛሪን ማዳከም | ሸማች፣ በውጭ ገንዘብ የተበደረ | በወራት ውስጥ | ተሸሽጎ | የሚላክ ምርት ሲኖር |
| ገንዘብ ማተም | አስቀማጭ፣ ቋሚ ገቢ ያለው | ቀስ በቀስ፣ ኋላ በፍጥነት | በጣም ተሸሽጎ | ዋጋ እየወረደ ባለበት ጊዜ፣ በልክ |
| ድጎማን በቀጥተኛ ክፍያ መተካት | ብዙ ተጠቃሚ የነበረው | ወዲያው | በግልጽ | ክፍያው ከጭማሪው ሲቀድም |
| ዕዳ ማሸጋሸግ | አበዳሪ፣ የአገር ውስጥ ባንክና ፈንድ | በወራትና በዓመታት | በከፊል | ዕዳው በእርግጥ የማይከፈል ሲሆን |

ለማን የትኛው ይሻላል?

ቋሚ ደመወዝ ያለው ሰው ከግልጽ ቅነሳ ይልቅ የተሸሸገውን ንረት ሊፈራ ይገባል። ግልጽ ቅነሳን መከራከር፣ ፍርድ ቤት መውሰድና በምርጫ መቅጣት ይቻላል፤ የላትቪያ ጡረተኞች ያስመለሱት በአዋጅ የተቀነሰ ስለነበር ነው። ጡረተኛም ከዚህ ጋር አንድ ነው፤ በተጨማሪ ጡረታው ከዋጋ ንረት ጋር በሕግ መያያዙን ያረጋግጥ።

አነስተኛ ጥሪት በባንክ ያለው ሰው የተቀማጭ ዋስትናው ወሰን ስንት እንደሆነ ይወቅ፤ ያንን ወሰን የሚነካ ማንኛውንም ዕቅድ፣ መቶኛው ትንሽ ቢሆንም፣ አይቀበል። ሥራውን ያጣ ወይም ሊያጣ የተቃረበ ሰው ሥራን ከሠራተኛው ጋር የሚያቆየውን የማነቃቂያ ዓይነት ቢደግፍ ይሻለዋል፤ ለትልልቅ ግንባታዎች የሚመደበው ገንዘብ ወደ እርሱ እስኪደርስ ረጅም ጊዜ ይወስዳል። ብድር ያለበት ቤተሰብ ደግሞ ምንዛሪን ስለማዳከም ሐሳብ ከመስጠቱ በፊት የራሱን የብድር ውል አውጥቶ ወለዱ ተለዋዋጭ መሆኑን፣ ዋናው ገንዘብም ከንረት ወይም ከውጭ ምንዛሪ ጋር መያያዝ አለመያያዙን ያንብብ። ነጋዴው የሚሸጠው ዕቃ ከየት እንደሚመጣ ያውቃልና ለእርሱ ውሳኔው ከሌሎቹ የቀለለ ነው።

የአገሩ አቅምም ምርጫውን ያጠብበዋል። የራሱ ገንዘብ፣ መጠነኛ ዕዳና የታመነ ማዕከላዊ ባንክ ያለው አገር ከማነቃቂያ ቢጀምር ይመከራል። ዕዳው የማይከፈል መሆኑ የታወቀበት አገር ሽግሽጉን ማዘግየቱ ዜጎቹን ያለ ጥቅም በቅነሳ ያሠቃያል። ከሁለቱ መካከል ላለው የደቡብ ኮሪያ ልምድ ይጠቅማል። በታኅሣሥ 1997 ከዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት ጋር ከባድ ስምምነት ከተፈረመ በኋላ አዲሱ አመራር ሠራተኞችን፣ አሠሪዎችንና መንግሥትን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ አስቀመጠ። ከጥር 1998 ጀምሮም ወደ 3.5 ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎች ወርቃቸውን ለአገራቸው የውጭ ምንዛሪ እንዲሆን አቀረቡ፤ የሠርግ ቀለበታቸውን ከጣታቸው አውልቀው በሚዛን ላይ ያስቀመጡ ባልና ሚስቶች ተሰልፈው ይታዩ ነበር። ከ220 ቶን በላይ ወርቅ ተሰበሰበ። ገንዘቡ ከዕዳው ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነበር፤ ብዙ ሠራተኞችም በዚያ ዓመት ከሥራ ተሰናብተው መራራ ጊዜ አሳልፈዋል። ቀለበቱን ያወለቀው ሰው ግን ስንት እንደሰጠ በሚዛን አይቷል፤ ለምን እንደሰጠም ተነግሮታል።

ዕቅድ በቀረበ ጊዜ ሰነዱ ውስጥ መጀመሪያ ሊፈለግ የሚገባው የማብቂያ ቀን ነው። አይስላንድ በኅዳር 2008 በጊዜያዊነት የጣለችው የካፒታል ቁጥጥር በአመዛኙ የተነሣው በመጋቢት 2017 ነው። ቀጥሎ የሚፈለገው ዕቅዱ ሳይሳካ ቢቀር ምን እንደሚደረግ የሚናገረው አንቀጽ፣ ከዚያም ቅነሳው የማይነካቸው ወጪዎች ዝርዝር ነው። እነዚህ ሦስቱ ካልተጻፉ ሕዝቡ ለድጋፍም ሆነ ለተቃውሞ ከመቆሙ በፊት እንዲጻፉ መጠየቅ ይችላል፤ ጥያቄው ለሕዝብ እንደራሴው በጽሑፍ ቢቀርብና መልሱም በጽሑፍ ቢጠየቅ የተሻለ ነው።